የቀረው ማን ነው?



ከዚህ ማሠልጠኛ ይዘን የምንወጣው ብዙ ነው። የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ አለ፣ የክፍል አያያዝ አለ፣ የሕፃናት ሥነ ልቡና አለ፣ የመርጃ መሣሪያ አሠራር አለ። ሁሉም ያስፈልጋል። ነገር ግን አስተማሪ በየማለዳው ክፍል ገብቶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራውን ሥራ ማንም በኮርስነት ሲሰጠው አላየሁም። እርሱም ስም መጥራት ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ማንበብ የቻለ ሁሉ ይጠራው የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። እኔ ግን የክረምት ሠልጣኝ ነኝ፤ በጋውን ማክሰኝት አካባቢ አስተምራለሁ። በነዚህ ዓመታት ካገኘሁት ትምህርት ትልቁን ያገኘሁት ከስም መቆጣጠሪያው ውስጥ ስለሆነ፣ ስለዚሁ ጥቂት ላጫውታችሁ።

ማክሰኝትን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ራሱ ማክሰኞን ያስታውሳል። ዙሪያዋ ጤፍ፣ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት የሚመረትበት የገበሬ አገር ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር የአስተማሪ መዝገብ የመንግሥት ወረቀት ብቻ አይደለም። በደንብ ላየው የመንደሩ ማስታወሻ ነው። «ቀሪ» የምትለዋ ምልክት ከ«ተገኝ» ይልቅ ብዙ ታወራለች።

አንድ መዝገብ ወስዳችሁ ከመስከረም እስከ ሰኔ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። በመስከረም ሽምብራ ሲዘራ ወንዶቹ ይሳሳሉ። በዚያው ሰሞን ወባ ይነሣና ከቆላው በኩል የሚመጡት በየተራ ይጠፋሉ። በጥቅምት ማሽላ ጥበቃ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነውና በሬ የሚነዳ ልጅ ከአውድማ አይለቀቅም። የገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ ሴቶቹ ይጎድላሉ፤ እናት ገበያ ስትወጣ ቤት የሚጠብቀውና ሕፃን የሚያዝለው ማን ነው? እርሷው ናት። ታዲያ አዲስ አስተማሪ ይመጣና «እነዚህ ልጆች ሰነፎች ናቸው፤ ለትምህርት ፍላጎት የላቸውም» ይላል። ፍላጎት አይደለም የጎደላቸው፣ እጅ ነው። ቤታቸው የሰው እጅ ያንሰዋል።

ከዚሁ መዝገብ ያስተዋልኩት አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ለናንተም የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል። በወር ከወር ልጆች ሞልተው የሚገኙባቸው ቀኖች አሉ። በመጀመሪያ ዘፈቀደ መስሎኝ ነበር። ኋላ ቀኖቹን ስቆጥራቸው ጊዜ 12፣ 19፣ 21፣ 27፣ 29 ሆነው ተገኙ። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ! በነዚህ ቀኖች በደጋው ገበሬ ሞፈር አይነካም፣ ማጭድ አይዝም። በሬ ያርፋል፤ ከብቱን ለመጠበቅም አባት ራሱ ይወጣል። ስለዚህ ልጁ ነፃ ይሆናል፣ ደብተሩን ይዞ ይመጣል።

ስለ በዓላት ብዛት ብዙ ሲባል ሰምተናል። ገበሬውን ከሥራ ያስፈታል፣ ለድህነት ይዳርጋል የሚል ክርክር በተማረው ሰው ዘንድ የቆየ ነው። በዚህ ጉዳይ ፍርድ ልሰጥ አልነሣም። ከመዝገቤ ያየሁትን ብቻ ልናገር፤ የታቦቱ ቀን ለእኔ ክፍል ባለውለታ ነው። ስለዚህ ከባዱን ትምህርት፣ ማካፈልና ክፍልፋይን፣ ማንም እንዳያመልጠው የምሻውን ሁሉ፣ በተቻለኝ መጠን ወደነዚያ ቀኖች አመጣዋለሁ። በገበያ ቀን ክለሳ አደርጋለሁ። ይህ በየትኛውም የትምህርት ዕቅድ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም፤ ግን ይሠራል። የምትመደቡበት አገር ሌላ ቢሆን ቀኑ ይለያይ ይሆናል፤ እስላሙ በሚበዛበት ሠፈር ዐርብን ማሰብ ሊያስፈልግ ይችላል። ዋናው ነገር የሕዝቡን ቀን አቆጣጠር ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከሰባት ዓመት በላይ ካለፉት ልጆች ብዙዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ነው የሚመጡት። በረመዳንም የእስላም ልጆች እንዲሁ። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይናቸው ይፈዝዛል። ይህን ያላየ አስተማሪ የለም፤ መላውም ቀላል ነው። ጽሕፈቱንና ሒሳቡን ወደ ማለዳው ማድረግ፣ ተረቱንና መዝሙሩን ወደ መጨረሻው ማዞር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። በጾም ወራት ያለውና የሌለው እኩል ይሆናሉ። እናቱ ማለዳ እንጀራ የምትሰጠው ልጅም አልበላም፤ ቤቱ የሚቀመስ የሌለውም አልበላም። የድሃ ልጅ በዚያን ጊዜ አንገቱን አይደፋም። ጾም ለእርሱ ከረኃብም በላይ መከበሪያ ነው።

ከፋሲካ በኋላስ?

እንደምታውቁት ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ጾም የለም። ረቡዕና ዐርብ እንኳ ይበላል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጎተራ እየጎደለ የሚሄድበት ጊዜ ነው። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ፣ ቀኑም ረቡዕ ነበር፣ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቿ ቆሎአቸውን ሲቆረጥሙ ብቻዋን ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አየኋት። «አንቺስ አትበዪም ወይ?» አልኳት። «ጦሜን ነኝ» አለችኝ። ቀና ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው ያለችኝ። አጠገቧ የነበሩት ልጆች ሳቁ። «በሃምሳ ምን ጦም አለ!» አላት አንዱ። እርሷ ግን አልሳቀችም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሥነ ልቡና ተምረናል፤ የልጅ ባሕርይ ዕድገት ደረጃ በደረጃ ተነግሮናል። ለዚህች ልጅ መልስ ግን ከመጽሐፍ አላገኘሁም። «ውሸትሽን ነው» ቢሏት ያለቻትን አንዲት ነገር መቀማት ነው። ደግሞ በሰው ፊት ዳቦ ቢሰጧትም ያው ነው። እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉን ደብተር ሰብስባ በዕረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል የምታመጣ እርሷ እንድትሆን አደረግሁ። ደብተሩ ሰበብ ነው፤ ቁም ነገሩ እዚያ የሚጠብቃት ዳቦ ነበር። ለአንድ ልጅ ይህ ይበቃል። ለክፍሉ ሁሉ ግን የአንድ አስተማሪ ዳቦ አይበቃም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ልጆች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። እኛ ገጠር ያለነው ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ደግሞም «እኛስ?» እንላለን።

«እኛስ?» ስንል ግን ዝም ብለን እጃችንን ለመዘርጋት አይደለም። ይህ የጎንደር አገር የተማሪን ሆድ ማወቅ ከጥንት የለመደ አገር ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየጮኸበት በየደጁ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ ማን ነበር የሚያበላው? ያው ገበሬው አይደለም ወይ? የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከጎጃም ይምጣ ከሸዋ፣ ሳይጠይቅ ቁራሽ ይሰጠው ነበር። የጎንደር በዓታ አቋቋም፣ የሊቃውንቱ ሁሉ ዕውቀት የቆመው በዚያ ቁራሽ ነው። ታዲያ የሰው አገር ልጅ ሲያበላ የኖረ ሕዝብ የራሱን መንደር ልጅ በዕረፍት ሰዓት አንድ እፍኝ ቆሎ ይነፍገዋል? አይነፍግም። የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ከምናወራ ስለዚህ ብናወራ ሰሚ እናገኛለን ባይ ነኝ።

የኔታ ቤትን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በየኔታ ቤት መዝገብ የለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ በየተራው ቀርቦ፣ ፊደሉንም ሆነ ዳዊቱን ከመምህሩ ፊት ስለሚያነብ የቀረ ልጅ ወዲያው ይታወቃል፤ ቦታው ባዶ ይሆናል። እኛ መዝገብ አለን፣ ባለ ሰማንያ ልጅ ክፍልም አለን። ስም ጠርተን፣ ምልክት አድርገን እንዘጋዋለን። የመዝገቡ መኖር ራሱ ልጁን እንዳንፈልገው ሊያደርገን ይችላል፤ «ተመዝግቧል» ብለን እናርፋለና።

ከቀሪዎች ሁሉ የሚያስፈራኝ የጥር ቀሪ ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያለው የሠርግ ወራት ነው፤ በጾም ሠርግ የለምና ሁሉም በዚያች አጭር ጊዜ ይጣደፋል። በዚያን ሰሞን ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ያሉ ሴቶች ስማቸው ሲጠራ «አቤት» የሚል ይጠፋል። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች አይሆንም ይላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ሕጉ ጎንደር ድረስ ይታወቃል። መንደር ግን በሕግ ብቻ አይኖርም።

አንድ ጥር ላይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ ቀረች። በአራተኛው ቀን እቤቷ ሄድኩ። እናቲቱ በክብር ነው የተቀበሉኝ።

«ይግቡ እንጂ አስተማሪ፣ ከደጅ ቆመው ምን ይሆናል!» ብለው ጠላ ቀዱልኝ።

«እናቴ፣ ልጅቱን ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ አሟት ይሆን?»

«የለም፣ ደኅና ናት። እህል እያስፈጨች ነው።»

«ይህን ያህል እህል ለምንድን ነው?»

ዝም አሉ። ቆይተው «አስተማሪ፣ እርስዎ መልካም ሰው ነዎት። ግን ሴት ልጅ ወድቃ ብትገኝ ስሙ የሚነሣው የኛ ነው፣ የርስዎ አይደለም» አሉኝ።

ምን ይመለሳል? ከዚህ ንግግር ውስጥ ክፋት የለም፤ ፍርሃት ነው ያለው። ስለ አንቀጽ ብነግራቸው በጠላ ፈንታ በር ነበር የሚያሳዩኝ። ስለዚህ የንስሐ አባታቸውን ፈልጌ ነገሩን አስረዳሁ። ቄሱም እንቢ አላሉም፤ አብረውኝ ሄዱ። «ልጄ፣ ገና ልጅ ናት፤ እኔ ይህን አልባርክም» አሉ፣ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ሠርጉ ቀረ ብዬ አልዋሻችሁም። «ለከርሞ ይሁን» ተባለ። ልጅቱ ግን በማግሥቱ ክፍል ተገኘች፤ በዓመቱም ስምንተኛን ተፈተነች። አንድ ዓመት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ማለት ሌላ ሰው መሆን ማለት ነው።

እስካሁን ያወራሁት አስተማሪ በእግሩ ሄዶ ሊደርስበት ስለሚችለው ቀሪ ነው። ወቅቱ ያመጣብን ቀሪ ግን ከዚህ ይሰፋል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጆቹ ከግማሽ ዓመት በላይ ከትምህርት ራቁ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ በሰሜን ጎንደርና በወሎ ስንት ትምህርት ቤት ፈረሰ፣ ስንቱስ የተፈናቃይ መጠለያ ሆነ! ተመስገን ሳንል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት የትምህርት ዓመታት በክልሉ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ከርመዋል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። መምህራንም ተጎድተዋል። በነዚህ ዓመታት አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት ልጅ ስሙ በየትኛውም መዝገብ የለም። ስለዚህ እርሱን «ቀሪ» ብሎ ምልክት የሚያደርግበት እንኳ አልተገኘም።

በዚህ መካከል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ይነገራል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ናቸው። ይህ የመላ አገሪቱ ውጤት ነው። ምክንያቱ ከክፍል መቅረት ብቻ ነው አልልም፤ የመጻሕፍት እጥረትም፣ የእኛ የመምህራን አቅምም፣ የኑሮውም ነገር አለበት። ነገር ግን ሕዝቡ በውጤቱ ቀን ደንግጦ «ልጆቹ ምን ነካቸው?» ሲል፣ እኔ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተከፈተውን መዝገብ አስባለሁ። ውጤቱ ያኔ በየገጹ ይጻፍ ነበር፤ አንባቢ ነው ያጣው።

ይህች አገር የቀሩትን ልጆቿን ፈልጋ አታውቅም እንዳይባል ደግሞ አንድ ታሪክ አለን። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የተፈለጉት ሁሉ ቀሪዎች ነበሩ። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት ፊደል ሳይቆጥሩ የቀሩ እናቶችና አባቶች ተፈልገው ተገኙ። በ15 ቋንቋዎች ተማሩ። በ1972 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ተገኘበት። በዚያን ዘመን ስለሆነው ሌላ ሌላው ነገር ብዙ ቁስል አለ፤ ዘመቻውም ያለ ግዴታ አልነበረም። ሆኖም አንድ ነገር አስተምሮናል። ተማሪው ካልመጣ አስተማሪው መሄድ ይችላል፤ ከዛፍ ሥርም ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ያለፈበት የሚባል ዕድሜም የለም። ዛሬ ሁለትና ሦስት ዓመት የተቃጠለባቸውን ልጆች «ዕድሜአቸው አለፈ» ብለን የምንተው ከሆነ፣ የስድሳ ዓመት አዛውንት አስይዘን «ሀ» ያስባልን ሕዝብ መሆናችንን ረስተናል ማለት ነው።

ስለ እምነት ብዙ ሰው ብዙ ይላል። እኔ እንደሚገባኝ ግን የእምነት ሥራ ካሉት ይልቅ ስለጠፋው መጠየቅ ነው። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን የፈለገው እረኛ የትኛው የጎንደር ልጅ ያልሰማው ምሳሌ ነው? በእስልምናውም ቢሆን የታመመን መጠየቅ፣ የጎረቤትን ረኃብ ማወቅ ትልቅ ግዴታ ነው። በለቅሶ ቤት ያልመጣን ሰው «ምነው ቀረ?» ብለን የምንጠይቅ፣ በማኅበር የቀረውን ድርሻውን በሞሰብ የምንልክ ሰዎች ነን። ይህን የመሰለ ባህል ከክፍል በር መልስ ለምን እንደምንተወው አይገባኝም።

እንግዲህ በመስከረም ወደየምድባችሁ ለምትሄዱት ወንድሞችና እህቶች ከልምዴ የማካፍላችሁ ይህችን ናት። በመዝገቡ ላይ ምልክት ብቻ አታድርጉ፤ ከጎኑ በእርሳስ ምክንያቱን ጻፉ፤ «ወባ»፣ «አጨዳ»፣ «ጫማ የለውም»፣ «ሠርግ» እያላችሁ። በዓመቱ መጨረሻ የምትመለከቱት ገጽ ከብዙ ጥናት ይበልጣል። አንድ ልጅ ሁለት ቀን ሲቀር ጎረቤቱን ጠይቁ፤ ሦስተኛው ካለፈ ሂዱ። ስትሄዱ ከተቻለ ቄሱን ወይም ሼኩን ወይም የሠፈሩን ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን ከሄዳችሁ ወቃሽ ትመስላላችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከርሞ የተመለሰውን ልጅ አታንበርክኩት፤ «የት ከርመህ ነው ዛሬ የመጣኸው?» ብላችሁ በጓደኞቹ ፊት አታሳፍሩት። ያ ልጅ ለመመለስ ምን ያህል ደፍሮ እንደመጣ እርሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። «እንኳን መጣህ፤ ቦታህ አለ» በሉት። ከዚያ የቀረውን ትምህርት ቀስ ብሎ ይደርስበታል።

ደመወዛችን ትንሽ መሆኑን፣ መንገዱ አስጊ መሆኑን፣ ከኛ አቅም በላይ የሆነ ብዙ ነገር መኖሩን አውቃለሁ። ሰላሙን አስተማሪ ብቻውን አያመጣውም። ጎተራውንም አይሞላውም። ይህን ሁሉ አልተጠየቅንም። የተጠየቅነው ስንት ልጅ እንደጎደለ ማወቅ፣ ካወቅንም በኋላ ዝም አለማለት ነው።

ቸሩን ያሰማን፤ የከርሞ ሰው ይበለን።

ከማክሰኝት የመጣ የክረምት ሠልጣኝ